ስለ አንድ ታላቅ ብቸኛ ቁጥር

አንባቢያችን ሆይ፤ 2,147,483,647 የሚለውን ቁጥር እንመልከት። ይህ ብቸኛ ቁጥር ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይኸውም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አይገኝም። የሚገኘውም 31 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው።

ብቸኝነቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1772 ዓ.ም. ያረጋገጠው፣ በፒተርስበርግ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ያን ጊዜ የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። እስከ 46,340 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር ሰውን ያሰለቻል። እርሱ ግን አካፋይ ቢኖር ኖሮ፣ ያ አካፋይ ራሱ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ሊሆን ግድ መሆኑን አስረድቶ ድካሙን እጅግ አቃለለው።

በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ለማወቅ ያስደስታል እንጂ አይጠቅምምና ከዚህ የሚበልጥ ለማግኘት የሚደክም አይኖርም ሲል ጻፈ። ፍርዱ የቸኮለ ይመስለናል። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካ ባለ 39 አሐዙን አረጋገጠ፤ በ2024 የተገኘው ደግሞ 41,024,320 አሐዞች አሉት። አይጠቅምም ስለ ተባለውም፣ በ1977 በተገለጸ ዘዴ ምሥጢረኛ መልእክት በሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ይቆለፋል፤ ማባዛቱ ቀላል ሲሆን፣ ብዜቱን ወደ መነሻዎቹ መመለሱ እጅግ አዳጋች ነውና።