ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት

200 ሰዓት በቀን ሲመነዘር ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት ነው። አይካኦ እያልን የምንጠራው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አንድ ሰው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለመያዝ ቢያንስ ይህን ያህል አየር ላይ መቆየት አለበት ይላል። ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት በተሟላ ሥርዓተ ትምህርት ለሠለጠነ 150 ሰዓት ይበቃዋል፤ ስድስት ቀን ከሩብ መሆኑ ነው። ጠዋትና ማታ ተደምሮ በቀን ሁለት ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ የሚያልፍበት የአዲስ አበባ ሠራተኛ 200 ሰዓት አምስት ወር ሳይሞላው ያልቅበታል።

ቁጥሩን መጀመሪያ ያየ ሰው የሚደነግጠው በማነሱ ነው። ቢደነግጥም አይፈረድበትም። ያቺ ስምንት ቀን፣ የመሣሪያ በረራ ፈቃድና የአንድ አውሮፕላን ዓይነት ሥልጠና ሲጨመሩባት፣ በብዙ የዓለም አየር መንገዶች ወጣቱን ከካፒቴኑ በስተቀኝ ካለው ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። የተማረባት ሴስና 172 ሙሉ ጭነቷን ይዛ ስትነሣ 1,157 ኪሎ ግራም ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350-900 እስከ 280 ቶን ይዞ ይነሣል። ማካፈል ነው፤ 242 ሴስናዎች ተደምረው አንድ ኤ350 ይመዝናሉ። የሴስናዋ የነዳጅ ታንኮች 212 ሊትር ይይዛሉ፤ የኤርባሱ ወደ 140,000 ሊትር። በሴስናዋ አንድ አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እዚህ ከኋላ ከ300 በላይ መንገደኛ ተቀምጧል።

እንዴት ይሆናል? መልሱ ለማመልከት የሚያስብን ወጣት ሁሉ ይመለከታል። ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ለትልልቆቹ ቁጥሮች ነው፤ ለአመልካቹ ብዛት፣ ለክፍያው፣ ለአውሮፕላኑ ግዝፈት። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ግን በሦስት ማባዛትና ለ60 ማካፈል ነው። ጥያቄው መቼና በምን ሁኔታ ይሠራል የሚለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ በየማስታወቂያው ከሚታየው ትልቅ ቁጥር እንጀምር። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ፣ በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ዓለም 674,000 አዲስ አብራሪዎች ያስፈልጓታል ብሏል። በቀን 92 ማለት ነው፤ 16 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አንድ። ቁጥሩ ልብ ያሞቃል። ነገር ግን ትንበያውን ያወጣው አውሮፕላን ሻጭ ኩባንያ ነው። በዓለም ደረጃ አብራሪ ይፈለጋል ማለት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ወንበር ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። የቤተሰብ ቤት አሲዞ ለሥልጠና የሚከፍል ሰው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጠብቃቸዋል፤ 1,500። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 የኮልጋን ኤር አውሮፕላን በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ከ2013 ጀምሮ በመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 1,500 የበረራ ሰዓት ግድ ሆነ። አደጋው የደረሰባቸው ሁለቱም አብራሪዎች ግን ያኔውኑ ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። በምርመራው ጎልቶ የወጣው አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ሲያጣ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው። መሪውን ወደፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። በሕጉ ምክንያት ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሆኖ የሚማር ሐበሻ 100,000 ዶላር ገደማ ከፍሎ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ አሠልጣኝ ሆኖ እየሠራ የቀረውን ሰዓት ያጠራቅማል። ሰዓት ቢበዛ አይጠላም። ሰዓቱ ውስጥ የተሠራው ነገር ካልታየ ግን ቁጥሩ ብቻውን መንገደኛ አያድንም።

ወደ 200 ሰዓቷ ልመለስ። ጥቂት ሆና የምትበቃው መሬት ላይ በሚሠራው ሥራ ስለተከበበች ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚዘጋጅ ተማሪ 13 የጽሑፍ ፈተናዎች ይወስዳል፤ የእያንዳንዱ ማለፊያ 75 ከመቶ ነው። የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የክብደት ሚዛን፣ የሰው ልጅ አካልና አእምሮ በከፍታ ላይ የሚሆነው፣ አቅጣጫ ፍለጋ፣ ሞተርና ኤሌክትሪክ፣ ሌላም ሌላም። ለዚህ የሚመደበው የክፍል ትምህርት ከ650 ሰዓት አያንስም። አየር ላይ ከሚቆይበት ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ማታ ማታ ለብቻው የሚያጠናው ሳይቆጠር።

ከእነዚህ ትምህርቶች አንዷን ቅጠል ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አብራሪዎች በሚለኩበት ጫማ ወደ 7,600። በመደበኛው ስሌት የባሕር ጠለል ሙቀት 15 ዲግሪ ነው፤ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ አየሩ 0 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ቀትር ላይ ግን ቴርሞሜትሩ 22 ይላል። አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ፣ ለእያንዳንዷ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ከፍታ ይታሰባል፤ 22 ሲባዛ በ120፣ 2,640። ከ7,600 ጋር ሲደመር ከ10,200 ጫማ ያልፋል፤ ከ3,100 ሜትር በላይ። ተማሪው የቆመው ቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ሞተሩና ክንፉ ግን የሚያገኙት እንጦጦ አናት ላይ ያለውን ያህል ስስ አየር ነው።

ውጤቱን አንድ በአንድ እንቁጠረው። ባሕር ጠለል ላይ 180 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ወደ 125 ይወርዳል። የፍጥነት መለኪያው 55 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኗ መሬቱ ላይ የምትሮጠው በ64 ኖት ነው፤ ለመነሣት የምትፈጀው መንገድም ባሕር ጠለል ላይ ከሚበቃት በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ከተነሣች በኋላ በደቂቃ የምትወጣው ከፍታ ከግማሽ በታች ይሆናል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ስለሆነ ለሴስና መንገዱ አይጠባትም። ችግሩ የሚመጣው ከተነሣች በኋላ ነው፤ ዙሪያው ተራራ ነው፣ መውጣቷ ደግሞ አዝጋሚ። ዝቅ ባለ ጠፍጣፋ አገር የሚማር ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ ያነበዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚማር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በወንበሩ በኩል ይሰማዋል። የአገራችን ከፍታ ለአብራሪ ትልቅ አስተማሪ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እስካሁን የሠራነው መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ነው። ሌላ እንጨምር። ከናይሮቢ የሚመጣ አውሮፕላን በ37,000 ጫማ ላይ ነው። ቦሌ 7,600 ላይ ስለሆነ መውረድ ያለበት 29,400 ነው። አብራሪዎች ለ1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ይመድባሉ፤ 29 ሲባዛ በ3፣ 90 ገደማ። ስለዚህ መውረድ የሚጀምረው ከቦሌ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው፤ ሻላና ላንጋኖ ሐይቆች አካባቢ። ይህን በልቡ አስልቶ መጨረስ ያለበት ሬዲዮ እየሰማ፣ የአየር ሁኔታ እየጻፈ፣ ከካፒቴኑ ጋር እየተነጋገረ ነው። አውሮፕላኑ በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለት ደቂቃ ከዘገየ 15 ኖቲካል ማይል ያለፈው ሲሆን፣ ሲደርስ መሆን ከሚገባው 5,000 ጫማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ያሰላለታል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ያሰላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ሲገባ የሚያውቀው ግን በሦስት ሲያባዛ የኖረ ሰው ነው።

ለ60 ማካፈሏም እንዲሁ ናት። አንድ ዲግሪ የሳተ ሰው 60 ማይል ሲሄድ አንድ ማይል ይስታል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ዲግሪ ስቶ ሳያርም የሄደ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል።

ስለዚህ ማመልከት ለሚፈልግ ሰው የምለው ግልጽ ነው። የመግቢያ ፈተናዎች ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የማሠራት ሙከራ አላቸው። በወረቀት ሳይሆን በቃል ማስላትን መልመድ ያስፈልጋል፤ ያውም ደረጃ እየወጡ ወይም ሰው እያነጋገረ። እንግሊዝኛውንም ማንበብ ብቻ አይበቃም። አይካኦ የቋንቋ ችሎታን በ6 ደረጃ ከፍሎ ዝቅተኛውን ማለፊያ 4 አድርጎታል፤ የሚለካውም በመናገርና በመስማት ነው። ደረጃ 4 ያገኘ በየ3 ዓመቱ፣ 5 ያገኘ በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ። መነጽር ያደረገ አብራሪ አይሆንም የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ ሳያመለክት አስቀርቶታል። የአይካኦ መለኪያ እያንዳንዱ ዓይን፣ በመነጽርም ቢሆን፣ 6/9 እንዲያይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲሆኑ ነው። የጆሮው ምርመራ በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል በላይ መስማት መጓደል የለበትም ይላል፤ በ3,000 ኸርዝ ከ50። ቀለም መለየትም በነጠብጣብ በተሞሉ ሰሌዳዎች ይታያል፤ አንዳንዱ ሰው ቀለም እንደሚምታታበት የሚያውቀው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ትምህርት ቤት የራሱን መስፈርት ሊጨምርበት ይችላል። ለማንኛውም ሥልጠና አንድ ብር ከመክፈል በፊት ይህን ምርመራ ማለፍ ብዙ እንባ ያድናል።

ከገቡ በኋላ ደግሞ ማንም ፎቶ የማያነሳው ሥራ አለ። ሴስና 172ኤስ ከክንፎቿና ከሆዷ ሥር ነዳጅ የሚቀዳባቸው 13 ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏት፤ በእያንዳንዱ ክንፍ 5፣ ከሆዷ ሥር 3። ተማሪው ከቀኑ የመጀመሪያ በረራ በፊት፣ ነዳጅ በተሞላ ቁጥርም፣ በብልቃጥ መሳይ ግልጽ ዕቃ ከ13ቱም እየቀዳ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። ነዳጁ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ውኃ ካለበት ከብዶ ከታች ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ቀጭን መስመር ይታያል። አንዷ ቀዳዳ ብትዘለል ማንም ላያየው ይችላል። ጎንበስ ብሎ 13ኛዋን የሚቀዳውን ልጅ ትልቁ አውሮፕላን ላይ አምነዋለሁ።

የአብራሪው ወንበር ለእኛ በቀላሉ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ መሪውን የያዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆነው የበረሩት በ1957 ነው፤ 11 ዓመት ፈጅቷል። የአብራሪዎች ማሠልጠኛው በ1964 ተቋቋመ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑት በ2010 ሲሆን፣ ከካፒቴን ዓለማየሁ በኋላ 53 ዓመት መሆኑ ነው። ያ 53 ዓመት ከየትኛውም ቁጥር ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ስንት ችሎታ ያላት ሴት በዚያ መካከል አልፋለች።

ፈቃዱ አንዴ ከተያዘ በኋላም ቆጠራው አይቆምም። የአየር መንገድ አብራሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቃቱ ይፈተናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሙሌተር ውስጥ። ሲነሣ ሞተር ይጠፋበታል፣ ጭስ ይገባበታል፣ ማኮብኮቢያው በጉም ይሸፈንበታል። በ22 ዓመቱ የጀመረና እስከ መጨረሻው የዕድሜ ጣሪያ እስከ 65 የሚበር ሰው 86 ጊዜ ይፈተናል። የጤና ምርመራው ለብቻው ነው፤ በየዓመቱ፣ ሲያረጅ ደግሞ በየስድስት ወሩ።