መኪና ሳያዩ ይገዛል?

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሁላችንም የምናውቀው ወግ አለ። ደላላ ይደውላል፣ መካኒክ ወዳጅ ተለምኖ ይመጣል፣ ቦዲው ይዳሰሳል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ተነስቶ ይደመጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ገዢው ሊብሬውን የሚቀበለው “ምን ደብቀውኝ ይሆን?” እያለ ነው። ታዲያ እጅ ሳይነካውና ጆሮ ሳይሰማው፣ በስክሪን ብቻ ታይቶ በጨረታ የሚሸጥ መኪና እንዴት ይታመናል?

ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት መኪና ነውና ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለመኪና ነጋዴም ቢሆን ለዓመታት የገነባው ስም ጉዳይ ነው።

የቶኪዮው ነጋዴ መላ

ለዚህ ጥያቄ ቀድመው መልስ ከፈለጉት አንዱ ጃፓናዊው የመኪና ነጋዴ ማሳታካ ፉጂሳኪ ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ኦክኔት የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርቱ ኢንተርኔት ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። የመኪኖቹ ምስል በሌዘር ዲስክ ተቀድቶ ለአባል ነጋዴዎች ይላክና፣ በጨረታው ዕለት እያንዳንዱ ከሱቁ ሳይወጣ ዋጋ ይሰጥ ነበር። በኋላ ምስሉ በሳተላይት መተላለፍ ጀመረ።

ፉጂሳኪን ያነሳሳቸው ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። በተለመደው ጨረታ ሻጩ መኪናውን እስከ ጨረታው ቦታ ማድረስ አለበት። ካልተሸጠለት ደግሞ ከፍሎ ይመልሰዋል። ይህን የመመለሻ ወጪ እየፈራ ብዙ ጊዜ ባነሰ ዋጋ ይለቀዋል። በኦክኔት ግን መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ከሻጩ ግቢ አይወጣም። የሚጓዘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ገዢው ነው።

የቀረው የእምነት ጉዳይ ነበር። ኩባንያው መኪናውን ራሱ የሚመረምር ባለሙያ ወደ ሻጩ ግቢ ይልክ ጀመር። ባለሙያው ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣል፣ ያየውንም ጉድለት ይጽፋል። ሻጩ የራሱን መኪና ራሱ እንዲያወድስ አልተተወለትም።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ጨረታ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲዞር ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ተመራማሪው ሆ ጉን ሊ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን በኦክኔት የሚሸጡ መኪኖች ከተለመደው ጨረታ የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጡ አሳየ። የሚቀርቡት የተሻሉ መኪኖች ነበሩ፣ ምርመራው ገዢውን ያረጋጋዋል፣ ሻጩም አይቸኩልም።

ጭረቱን የሚናገር ወረቀት

በአዲስ አበባ መንገድ የምናያት “ቪትዝ” ስሟን ያገኘችው ከጃፓን ገበያ ነው። ለብዙው የውጭ ገበያ ቶዮታ የሸጣት ያሪስ ብሎ ነበር። ዛሬ በጃፓን ጨረታዎች ከሩቅ ሆነው የሚጫረቱ ነጋዴዎች ከፎቶው በፊት የሚያነቡት አንድ ገጽ የምርመራ ወረቀት አለ። በላዩ የመኪናው ንድፍ ተስሏል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ጭረት፣ ስርጉደት፣ ዝገት ወይም የተቀየረ አካል በምልክት ይመዘገባል። አደጋ ደርሶበት አካሉ የተጠገነ መኪና የራሱ ምልክት አለው። አራት ወይም አራት ተኩል ያገኘ መኪና በደህና ይዞታ ላይ ያለ ተብሎ ይወሰዳል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኮፓርት በ2003 ጨረታውን ወደ ኢንተርኔት ማዞር ጀመረ። በብዛት የሚሸጠው ኢንሹራንስ የተረከባቸውን የተጎዱ መኪኖች ሲሆን፣ ፎቶ በብዛት ይቀርባል፤ ሽያጩ ግን “ባለበት ሁኔታ” ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ርካሽ ዋጋ አይተው ከመጫረታቸው በፊት የጨረታውን ክፍያ፣ የማጓጓዣውንና የጥገናውን ወጪ አብረው ይደምሩ። የመኪናው የባለቤትነት ሰነድ “የተጎዳ” የሚል ምልክት ካለበት ኢንሹራንስ ለማግኘትም ሆነ መልሶ ለመሸጥ ያስቸግራል።

ወደ እኛ ስንመለስ

“ባለበት ሁኔታ” የሚለውን ቃል እኛም ከባንኮች የጨረታ ማስታወቂያ እናውቀዋለን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከታገደ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው ቀጥሏል። ሽያጩም ከግቢ ወደ ቴሌግራም እየዞረ ነው። ፎቶ ይለጠፋል፣ ስልክ ይጻፋል። ከጃፓኑ ልምድ የጎደለው የገለልተኛ ሰው ምርመራ ነው።

ሥራዎን ወደ ኦንላይን ጨረታ ለመውሰድ ካሰቡ በእነዚህ ይጀምሩ።

መኪናውን ከእርስዎ ጋር ጥቅም በሌለው ጋራዥ ያስመርምሩና ውጤቱን ከነጉድለቱ ያውጡ። ቦዲው ሲያብረቀርቅ ብቻ ሳይሆን ጭረቱን፣ ጎማውንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቀርበው ያንሱ። መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው አቅም ተለክቶ ይጻፍ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፣ መኪናውም ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ያረጋግጡ። ገንዘብ ተከፍሎ ስም ማዛወር እንቢ ያለ ዕለት የሚጠፋው ስም ቶሎ አይመለስም።

መነሻ ዋጋውን፣ የመዝጊያ ሰዓቱንና ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን አስቀድመው ይናገሩ። ባንኮች ሲፒኦ እንደሚጠይቁት ሁሉ እርስዎም ከተጫራቹ መያዣ ይቀበሉ፤ ላሸነፈው ከዋጋው ይታሰብለት፣ ላላሸነፈው ወዲያው ይመለስለት። ዋጋ ለማናር ወዳጅ ዘመድ እንዲጫረት ማድረግ ግን ጨረታውን የሚገድል ነገር ነው።

እርስዎ ገዢ ከሆኑ ደግሞ ጨረታው ሳይጀመር ከትዳር አጋርዎ ጋር ተቀምጣችሁ የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እልህ ይይዛልና ከዚያ ዋጋ አትለፉ። የምርመራ ውጤት የማያሳይና መኪናውን በአካል ማየት የሚከለክል ሻጭ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይለፋችሁ።

ደላላውም ሥራ አይፈታም። መኪና የሚያሳይ፣ ወረቀት የሚያስጨርስ፣ ሩቅ ላለ ገዢ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።

ጭረት ደብቆ አንድ መኪና መሸጥ ይቻላል። ጨረታ ግን የሚቆመው ትናንት የገዛው ሰው ነገ ተመልሶ ሲጫረት ነው።