አስታማሚዋንም ጠይቁ

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እናቴን ማስታመም ደከመኝ፤ እንዲህ ማለቴ ኃጢአት ነው?»

ፈጽሞ አይደለም። የሚያደክመው ሥራው ነው።

ስትሮክ መትቶት አልጋ የያዘ ሰው ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ ሌሊትም ጭምር። ሆስፒታል ውስጥ ይህን ነርሶች በፈረቃ ይሠሩታል። ቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን ትሸከመዋለች። እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ወገቧ ይጎዳል፣ ከእንጀራዋም ትቀራለች። ደመወዝ ስለሌለው እንደ ሥራ አለመቆጠሩ በጣም ያሳዝነኛል።

ከሆስፒታል ሳትወጡ የታማሚውን አነሳስና አገለባበጥ ፊዚዮቴራፒስቱ በተግባር እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ወገባችሁን አታጉብጡ።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት ወይም ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየባችሁ እናንተም ታከሙ። ድብርት ይታከማል።

ተቀጣሪዎች፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለከባድ ችግር እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። ያንሳል፤ ቢሆንም ተጠቀሙበት።

ለጥየቃ የምትሄዱ ዘመዶች፣ እባካችሁ አስታማሚዋን አንድ ሌሊት ተረከቧትና ትተኛ።

ስለ አገለባበጥም ሆነ ስለ ሌላው ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልኝ።