ወርዱን እንጂ አቅጣጫውን የማይነግር መስመር

በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ካፌዎች በስልኩ የወርቅ ወይም የዶላር ቻርት ከፍቶ የሚያፈጥ ወጣት አይጠፋም። ከዋጋው በላይና በታች እየሰፉና እየጠበቡ አብረው የሚጓዙት ሁለት መስመሮች ቦሊንገር ባንድ ይባላሉ፤ አሜሪካዊው ጆን ቦሊንገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው ስሌት ነው።

ስሌቱ አያስቸግርም። የመጨረሻዎቹ 20 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ መሀለኛው መስመር ይሆናል። ዋጋዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይለካና እጥፉ ወደ ላይ ይደመራል፣ ወደ ታች ይቀነሳል። አማካዩ 300 ብር፣ ርቀቱ 6 ብር ቢሆን ባንዱ ከ288 እስከ 312 ይዘረጋል።

ጀማሪ ዋጋው የላይኛውን መስመር ሲነካ «ተወደደ፣ ልሽጥ»፣ የታችኛውን ሲነካ «ረከሰ፣ ልግዛ» ይላል። ጣናን በክረምት ያስተዋለ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ሐይቁ ከሰኔ ዝቅታው ተነስቶ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ግድም ይሞላል። በቀን 2 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል እንበልና ባንዱን እንሥራለት። የ20 ቀኑ አማካይ ከዛሬው ውኃ 19 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፤ የላይኛው መስመር ደግሞ ከአማካዩ 23 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ውኃው ከላይኛው መስመር 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይከርማል፤ ዝናቡ በጠናበት ሳምንት ይነካዋል፣ ያልፈዋልም። በሐምሌ «ሞልቷል፣ ከእንግዲህ ይጎድላል» ብሎ የተወራረደ ሰው እስከ መስከረም ሲከፍል ይኖራል። ቦሊንገር ራሱም መስመሩን መንካት ብቻውን የመግዣም የመሸጫም ምልክት አይደለም ይላል።

ባንዱስ ሲጠብ? ገበያው ረግቷል፤ እርጋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመናወጥ ይተካል፣ ወዴት እንደሆነ ግን ባንዱ አያውቅም። ለዚያውም እርጋታው የገበያው ሳይሆን የመመሪያ ሊሆን ይችላል። የብር ይፋዊ ምንዛሪ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በሳንቲም ይንፏቀቅ ስለነበር ሁለቱ መስመሮች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 አለፈ። የጥቁር ገበያውን ዋጋ የሚከታተል ሰው ክፍተቱን ያውቀው ነበር፤ በይፋዊው ቻርት ላይ ግን አይታይም ነበር።

ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ገና ልጅ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። አንድ አክሲዮን ለቀናት ካልተገበያየ የትናንቱ ዋጋ ይደጋገምና ባንዱ ይጠባል። ከዚያ አንድ ገዢ መጥቶ ጥቂት ብር ቢጨምር ዋጋው መስመሩን ጥሶ ይወጣል፤ ቻርቱን ለሚያይ ሰው ትልቅ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል። በእንዲህ ያለ አክሲዮን ላይ ከባንዱ አስቀድሞ ከቻርቱ ግርጌ የግብይቱን መጠን ማየት ነው፤ እዚያ ባዶ ቀናት ከበዙ ባንዱን መዝጋት ይሻላል።