የጥንታዊ ጭነት መኪናዎች የእንጨት አካል

የጥንታዊ ጭነት መኪናዎች የእንጨት አካል ማለት ከላሜራው ሥር ሆኖ ጋቢናውን፣ በሩንና ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት አጽም እና የጭነት ሳጥኑ ወለል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዶጅ ብራዘርስ ከ1914 ጀምሮ ለመኪናዎቹ ሙሉ የብረት አካል ቢጠቀምም፣ ሼቭሮሌት የጭነት መኪና ጋቢናዎቹን እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ በእንጨት አጽም ላይ ይሠራ ነበር። ፎርድ በሰሜን ሚሺጋን ሰፊ ደን ገዝቶ በአይረን ማውንቴን የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቁሟል፤ ዛሬ ኪንግስፎርድ የሚባለው ከሰል መነሻው የዚያ ፋብሪካ ትርፍራፊ እንጨት ነው።

የዚያን ዘመን ጣሪያ መሐሉ ብዙ ጊዜ በጨርቅ የተሸፈነ ስለነበር፣ ጨርቁ ሲያረጅ ዝናብ ወደ እንጨቱ ይገባል። ብስባሴው በላሜራ ስለሚሸፈን አይታይም። በሩ ሲዘም ወይም ምስማሩ አልይዝ ሲል ግን ይታወቃል።

መተኪያ ማግኘት እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። እንደ ፎርድ ሞዴል ኤ ላሉ ብዙ ለተመረቱ መኪናዎች አነስተኛ ወርክሾፖች የተዘጋጀ እንጨት ይሸጣሉ። ብርቅ ለሆኑት ግን አናጺ ማሠራት ግድ ነው፤ ለእርሱም ከሁሉ የሚሻለው ንድፍ የበሰበሰው እንጨት ራሱ ነው። እንጨቱ ሳይለካ ከተጣለ የጋቢናው ቅርጽ አብሮ ይጠፋል፤ ያለ አጽም የቀረ ላሜራ ይለመጣልና በልክነት አያገለግልም። በአንድ በኩል ያለው ቁራጭ ከጠፋ የሌላው ጎን ተገልብጦ ይቀዳል። ሁለቱም ከሌሉ ተመሳሳይ መኪና ያለውን ሰው ፈልጎ መለካት ይቀራል። ጋቢናዎቹ በእጅ እየተስተካከሉ የተገጠሙ በመሆናቸው ከሌላ መኪና የተወሰደ ልክ በትክክል ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ አዲሱ እንጨት ትንሽ ትርፍ ተትቶለት፣ ኮላ ከመቀባቱ በፊት ከላሜራው ጋር ይሞከራል።

ለአጽሙ የሚመረጠው አሽ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ብሎን ይይዛል፣ በእንፋሎትም ይታጠፋል። ይሁን እንጂ በ2002 በዲትሮይት አካባቢ የተገኘ አረንጓዴ ጥንዚዛ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎችን አድርቋል። ነጭ ኦክ ብስባሴን ይቋቋማል፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው አሲድ እርጥበት ሲያገኝ ብረት ያዝጋል።

የጭነት ሳጥኑ ወለል ቀላሉ ሥራ ነው፤ ቀጥ ያሉ ሳንቃዎች በመካከላቸው በሚያልፉ የብረት ጠፍጣፎች ይታሰራሉ። ሼቭሮሌት በአንዳንድ ፒክአፖቹ ላይ ይህን ወለል እስከ 1980ዎቹ አቆይቶታል። በትርዒት ላይ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በአብዛኛው የኋላ ዘመን ፋሽን ነው፤ ለሥራ የተገዛ መኪና ሳንቃው ብዙውን ጊዜ ቀለም የተቀባ ነበር።