የአረም መድኃኒት በአፈር ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?

የዛሬው ንባባችን በማሳችሁ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ነገር ነው።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ በመጀመሪያ የታየው በጎረቤታችን በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቆሎ በተምች መበላቱ በካፋም እንግዳ ነገር አይደለም። በቆሎው የተበላበት ገበሬ ምን ይላል? «ወቅቱ ሳያልፍ ልገልብጠውና ቦሎቄ ልዝራበት» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ማሳው ላይ ቀደም ብሎ ምን ተረጭቶበት ነበር?

ለበቆሎ ከሚረጩት የአረም መድኃኒቶች አንዱ አትራዚን ነው። ፕሪማግራም ጎልድ በሚባለው መድኃኒት ውስጥም አለ። አትራዚን አፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ አረሙ በሥሩ ይስበዋል። በቆሎን አይጎዳም። በቆሎ መርዙን በሰውነቱ ውስጥ ማርከስ ይችላል። ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ጤፍና ጎመን ግን አይችሉም።

ክፋቱ ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። ቦሎቄው አምሮበት ይበቅላል። ዘር ከመሬት የሚወጣው ስንቁን ይዞ ነውና። ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አለበት። አትራዚን ይህን ሥራ ያስቆማል። የታችኛው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይደርቃል። ሰው ግን «ዘሩ ነው ክፉ» ይላል። ዘሩ ምን አጠፋ!

ታዲያ መርዙ መቼ ያልቃል? አንድ እንስራ ሙሉ ውሃ አለ እንበል። በ2 ወር ግማሹ ይጎድላል። በሌላ 2 ወር የቀረው ግማሽ እንደገና በግማሽ ይጎድላል። ስለዚህ በ4 ወር ሩቡ ገና እንስራው ውስጥ አለ። አትራዚንም በአማካይ እንደዚህ ነው። በዓይን የማይታዩ የአፈር ተሕዋስያን ይበሉታል። አፈሩ እርጥብና ሞቃት ሲሆን ቶሎ ያልቃል፤ ድርቅና ብርድ ሲሆን ይዘገያል። እንደ ካፋ ያለ ቀይና ኮምጣጣ አፈርም ያፋጥነዋል። ይሁን እንጂ ዝናባችን ብዙ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ዝናብ አትራዚንን ወደ ምንጭና ጉድጓድ ውሃም ይወስደዋል። የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 መድኃኒቱን የከለከለው በዚሁ በውሃ ምክንያት ነው።

ሁሉም መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ራውንዳፕ የሚገድለው በቅጠል ገብቶ ነው። አፈር ሲነካ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል፤ በኋላ የሚዘራውን ዘር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። በደፈረሰ ውሃ የተበጠበጠ ራውንዳፕ የሚደክመውም ለዚህ ነው። ለሰርዶ ከረጫችሁ ግን ወደ ሥሩ እንዲወርድ 7 ቀን ያህል ሳታርሱ ቆዩ። ለጤፍ የሚረጨው ቱፎርዲ በእርጥብ አፈር ቶሎ ይጠፋል፤ ቢሆንም ባቄላና አተር ለመዝራት አንድ ወር መቆየት ይሻላል። (በነፋስ ቀን አትርጩት፤ ቡናችሁን ያጠወልገዋል።)

አትራዚን በተረጨበት ማሳ ወዲያው መዝራት ግድ ከሆነባችሁ፣ መልሳችሁ በቆሎ ዝሩ። ቦሎቄ ካሰኛችሁ ግን አፈሩን ራሱን ጠይቁት። እንዴት? ከማሳው ከብዙ ቦታ፣ ከላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር፣ አፈር ውሰዱና ቀላቅሉ። መድኃኒት ካልነካው ከማሳው ዳርም እንዲሁ ውሰዱ። ሁለቱን በሁለት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ለየብቻ ሙሉ፤ ሥራቸውን ብሱ። የመድኃኒት ዕቃ ግን ለዚህም ሆነ ለሌላ ነገር አይሆንም! በእያንዳንዱ 5 ወይም 6 የቦሎቄ ፍሬ ዝሩ፤ ፀሐይ ላይ አኑሩ፤ ውሃ አጠጡ። መብቀሉን አይታችሁ አትቸኩሉ፤ 3 ሳምንት ጠብቁ። ሁለቱም እኩል ከለመለሙ ማሳው ይዘራል። የማሳው ቦሎቄ ቢጫ ከሆነ መርዙ አላለቀም። ከወር በኋላ ደግማችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የተረጨው ምን እንደሆነ ከታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረጨው ሰው ተከራይቶ ይመጣል፤ ይረጫል፤ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት አስቁሙትና ጽሑፉን አንብቡ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና በገዛ እጃችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ሚያዝያ 12 ቀን። የወንዝ ዳሩ ማሳ። አትራዚን።»