4,294,967,297፦ ታላቁን ፌርማ ያሳሳተው ቁጥር

አንድ የሒሳብ ሐሳብ አምስት ጊዜ ተፈትኖ አምስቱንም ጊዜ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ስድስተኛውን ሳንመረምር ልንቀበለው እንችላለን? ለዚህ ጥያቄ 4,294,967,297 የማያሻማ መልስ ይሰጠናል።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የሚከተሉትን ቁጥሮች ያጠና ነበር፦

2¹ + 1 = 3
2² + 1 = 5
2⁴ + 1 = 17
2⁸ + 1 = 257
2¹⁶ + 1 = 65,537

አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ሙሉ ቁጥር የለም። ፌርማም አርቢው በእጥፍ እያደገ እስከ ሄደ ድረስ የሚገኘው ቁጥር ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆን አመነ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን ራሱ አልሸሸገም። ስድስተኛው ቁጥር 2³² + 1፣ ማለትም 4,294,967,297 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1729 ክርስቲያን ጎልድባኽ ጉዳዩን ለወጣቱ ሌዎናርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣለት። ኦይለርም በ1732 የፌርማን እምነት በአንድ መስመር አፈረሰው፦

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ በተራ የሚሞክር ሰው 641 ላይ የሚደርሰው በ116ኛው ሙከራ ነው። ኦይለር ቆይቶ እንዳረጋገጠው ግን፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ቀሪ ይተዋል። በዚህ ወንፊት ሲጣሩ የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። የ116 ሙከራ ድካም ወደ አምስት ወረደ ማለት ነው።

አንባቢ ያለ ረጅም ማካፈል ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ 5⁴ + 2⁴ እና 5 × 2⁷ + 1። ከመጀመሪያው፣ ሁለቱንም ወገን በ2²⁸ ስናባዛ፣ 5⁴ × 2²⁸ + 2³² ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል እናያለን። ከሁለተኛው ደግሞ 5 × 2⁷ = 640 ስለሆነ፣ 5⁴ × 2²⁸ − 1 ማለት 640⁴ − 1 ነው፤ ይህም (640² + 1) × (640 − 1) × (640 + 1) ስለሆነ ለ641 ይካፈላል። ለ641 የሚካፈሉ የሁለት ቁጥሮች ልዩነትም ለ641 ይካፈላል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ የሚቀረው 2³² + 1 ነው።

ከኦይለር ወዲህ እስከ ዛሬ ከአምስቱ ሌላ አንድም ብቸኛ የፌርማ ቁጥር አልተገኘም። ስድስተኛው ይኑር አይኑር ግን ማንም አላረጋገጠም። ስለዚህ «ሌላ የለም» ብለን ብንደመድም የፌርማን ስሕተት በተቃራኒው አቅጣጫ መድገም ይሆንብናል። ምሳሌ የቱንም ያህል ቢበዛ ጥርጣሬን ያሳንስ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫን አይተካም።